ሳሎኑን ማኪያቶ ልቀባው ወይስ ነጭ? ጥለቱስ ምን ይሁን?

ጠያቂ፦ የሙሽራዋ እህት
ሰላም ለሁላችሁም። ታናሽ እህቴ ለዳግማይ ትንሣኤ ታገባለች፣ መልሱ እኛ ቤት ነው። ቤታችን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎኑ 4 በ5 ሜትር ሲሆን ያለው አንድ መስኮት ወደ ሰሜን ነው የሚያየው። ወለሉ ግራጫ ሴራሚክ ነው። ሶፋውም ግራጫ ነው፤ ያኔ ሰው ሁሉ ግራጫ ሲገዛ እኛም ገዛን። ግድግዳውን ደግሞ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ አስቀባነው። አሁን ከሰዓት በኋላ ቁጭ ሲሉበት ሐምሌ ይመስላል።

እኔ በየስልኩ የማየውን «ሞካ ሙስ» የሚሉትን ቡናማ ወድጃለሁ። እናቴ ነጭ ይሁን ትላለች። የእህቴ የመልስ ካባ ወይን ጠጅ ከፋይ ነው። የእኛ የቤተሰቡ ጥለት ገና አልተወሰነም፤ ሸማኔው ቀለሙን በዚህ ሳምንት ቁረጡልኝ ብሏል። ግድግዳውና ልብሱ እንዳይጣሉ ፈራሁ። እባካችሁ ምከሩኝ።

መልስ፦ የቤት ውስጥ ዲዛይን ባለሙያ
እህቴ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ሞካ ሙስ ፓንቶን የተባለው የአሜሪካ የቀለም ድርጅት ለ2025 እ.ኤ.አ. የመረጠው «የዓመቱ ቀለም» ነው፤ በእኛ አነጋገር ወተት የበዛበት ማኪያቶ። ድርጅቱ ይህን ምርጫ ከ2000 ጀምሮ በየዓመቱ ያወጣል። ለ2021 ግራጫና ቢጫን አንድ ላይ መረጠ፣ ለ2024 ኮክ የመሰለ ፈዛዛ ቀለም። ለ2026 ደግሞ ክላውድ ዳንሰር የሚባል ነጭ ነው። እንግዲህ በፋሽን ከሄድን እናትሽ ቀድመውሻል።

እኔ ግን ግድግዳ በዓመቱ ቀለም እንዲመረጥ አልመክርም። ቀሚስ ቢሰለችሽ ቁም ሳጥን ይገባል፣ ግድግዳ ግን የት ይገባል? ካንቺ ጥያቄ ውስጥ ትልቁ ነገር መስኮቱ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች፣ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን የምታዘነብለው ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ አካባቢ ነው፤ ያም አብዛኛው ደመና ነው። በቀረው ጊዜ ሳሎንሽ የሚያገኘው ከሰማይ የሚንጸባረቀውን ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነው። የቀዘቀዘ ግራጫ እንዲህ ያለ ብርሃን ሲያርፍበት ይብስበታል። ሙሉ ሞካ ደግሞ ብርሃን ስለሚውጥ ቤቱን ያጨልመዋል። ክሬም ያለበት ነጭ ለሦስቱ ግድግዳ፣ ማኪያቶው ለአንዱ ብቻ ቢሆን ደስ ይለኛል።

አምፖሉንም እዪው። ሳጥኑ ላይ 6500 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል) የሚል ከሆነ ማንኛውንም ሞቅ ያለ ቀለም አመድ ያስመስለዋል። 3000 የሚለውን ግዢ።

መልስ፦ ቀለም ቀቢ፣ ከገርጂ
ልጄ፣ ቀለም ከስልክ አይመረጥም፣ ከካታሎግ ቁራጭም አይመረጥም። ትንሽ ትንሽ አስበጥብጠሽ ትልልቅ ካርቶን ላይ ሁለት እጅ ቀቢ። ሲደርቅ ትንሽ ስለሚጠቁር እርጥቡን አይተሽ እንዳትወስኚ። ከዚያ ካርቶኑን ግድግዳው ላይ አስደግፈሽ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ መብራት በርቶ እዪው። አንዱን ከሶፋው ጀርባ፣ አንዱን ከመስኮቱ ትይዩ አድርጊ። አንዱ ቀለም በሁለቱ ቦታ ሁለት መልክ ያወጣል።

መጠኑን ላስላልሽ። ዙሪያው 18 ሜትር ነው፤ ከፍታው 2.6 ቢሆን በርና መስኮት ተቀንሶ 40 ካሬ ገደማ ይቀራል። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም በአንድ እጅ ከ8 እስከ 10 ካሬ ይሸፍናል፣ ስለዚህ ለሁለት እጅ ከ8 እስከ 10 ሊትር ያስፈልግሻል። አደራ፣ የተበጠበጠውን ሁሉ በአንድ ትልቅ ባልዲ አቀላቅሉት። በየጣሳው ከቀባችሁ ግድግዳው መሃል ላይ መስመር ይወጣል፣ በተለይ ቡናማ ነገር ላይ። ስንጥቁን በስቱኮ ድፈኑ፣ አሸዋ ወረቀት ምቱትና አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ደግሞ ለመልሱ ዋዜማ አታስቀምጡት፤ ሽታው ሳይወጣ እንግዳ አይጠራም።

መልስ፦ ከሽሮ ሜዳ፣ የሸማኔ ልጅ
የጥለቱን ልመልስ። ካባው ወይን ጠጅ ከሆነ የቤተሰቡን ጥለት እዚያው ወይን ጠጅ ላይ አትድገሙት፤ ሙሽራዋ ትጠፋለች። ወርቃማና ቡናማ ክር አንድ ላይ ሲገባ ከነጩ ፈትል ጋር እጅግ ያምራል፣ የወደድሽውን ማኪያቶም በዚያው ታገኚዋለሽ።

ክሩን ሱቅ ውስጥ አይተሽ አትመኚ፤ ደጅ ይዘሽው ውጪ። ቱቦ መብራት ስር አንድ የመሰሉኝን ሁለት ቡናማ ክሮች ደጅ ሳወጣቸው አንዱ አረንጓዴ ሲመታ አይቻለሁ። ደግሞ ከመግዛትሽ በፊት አንድ ጉራጅ ክር በሞቀ የሳሙና ውኃ አርሰሽ ነጭ ጨርቅ መሃል ጨምቀሽ ያዢው። ጨርቁን ካቀለመ ይቅርብሽ። እናቴ አንድ ደማቅ ቀይ ጥለት ያለው ቀሚሷን መጀመሪያ ያጠበችው ቀን ነጩ ሁሉ ሮዝ ሆኖ ቀርቷል፤ የለፋበት አባቴ ነበር።

መልስ፦ ከሜሪላንድ
ከሸማኔው ልጅ ጋር እስማማለሁ። እኛም ለወንድሜ ሠርግ ጥለቱን ከዚህ ሆነን በስልክ ፎቶ አዘዝን፤ «የቡና ቀለም» ብለን ጠብቀን ብርቱካን የሚመስል መጣልን። ክሩን ራሱን በእጃችሁ ያዙ።

ግድግዳውን በተመለከተ ስለ ፎቶ ላስታውስሽ። ነጭ የሀበሻ ልብስ አጠገቡ ያለውን ቀለም ይጠጣል። የአክስቴ ሳሎን ደማቅ ቢጫ ነበር፤ በመልሱ ፎቶ ላይ የሁላችንም ነጠላ ቢጫ ነው፣ ፊታችንም ጭምር።

መልስ፦ አዲስ ሙሽራ
ሁላችሁም ነጭ ነጭ አላችሁ፣ እኔ አልስማማም። ሳሎኔን ሙሉ በሙሉ ማኪያቶ ነው የቀባሁት፣ ማታ ስገባ እቅፍ ያደርገኛል። የቤቷ ባለቤት የወደደችውን ትቀባ።

መልስ፦ የቤት ውስጥ ዲዛይን ባለሙያ
እህቴ፣ መስኮትሽ ወደ የት ነው? ወደ ምዕራብ ከሆነ ልክ ነሽ፤ የማታ ፀሐይ ቡናማን ያሞቀዋል። የጠያቂዋ ግን ሰሜን ነው።

ጠያቂ፦ የሙሽራዋ እህት
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ እንዳሉት ሦስት ካርቶን ቀብቼ ሁለት ቀን አስደግፌ አየሁ። ሞካው ጠዋት ደስ ይላል፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን ጭቃ መሰለ። ንጹሑ ነጭ ከሴራሚኩ ጋር ሆስፒታል ሆነብኝ፤ እናቴም አይታ አልወደደችውም። ክሬም ያለበት ነጭ አሸነፈ፤ ሙሽሮቹ ከሚቀመጡበት ጀርባ ያለው ግድግዳ ብቻ በውኃ የቀጠነ ሳይሆን ነጭ ተጨምሮበት የፈዘዘ ማኪያቶ ይሆናል። ካባውን ካርቶኑ ላይ ሰቅዬ ሳየው ወይን ጠጁ ጎላ አለ። አምፖሎቹን ቀየርኳቸው፣ ሶፋው እንኳ ቀለሙ ተሻሻለ።

ለጥለቱ ወርቃማና ቡናማ ክር ነገ ጠዋት እንገዛለን። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ ጋሼ፤ አሮጌው ግራጫ ከስሩ እንዳይታይ መጀመሪያ አንድ እጅ ንጹሕ ነጭ ይቀባ?

መልስ፦ ቀለም ቀቢ፣ ከገርጂ
አዎ ልጄ፣ አንድ እጅ ነጭ ይሂድበት። አራት ሊትር ጨምሪ፣ ለአንድ ቀንም ይደር።