የኮሌጅ ቀዛፊዎች ወላጆች በውድድር ቀን የት ይቁሙ?

አወያይ፦
ለክርክር የቀረበው ጉዳይ የሚከተለው ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች ያሉ የቀዘፋ ቡድኖች በውድድር ቀን ወላጆች ጀልባዎች ወደሚደረደሩበትና ተጎታቾች ወደሚቆሙበት ስፍራ እንዳይገቡ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዶቹ ከዚያም አልፈው የዕለቱ የመጨረሻ ውድድር እስኪያልቅ ድረስ ወላጅና ልጅ ጭራሽ እንዳይነጋገሩ ይከለክላሉ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ማብቂያ ልጆቻቸውን ተከትለው ከወንዝ ወንዝ የሚጓዙ ወላጆች አሉና፣ ክልከላው ተገቢ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ተከራካሪዎች ምክንያታቸውን እንዲያቀርቡ እጠይቃለሁ።

የቀዛፊ አባት፦
ክልከላውን እቃወማለሁ። በቅድሚያ ስፖርቱን ለማያውቁ አንባቢያን ወላጅ በትክክል ምን እንደሚያይ ላስረዳ። የፀደይ ውድድር ርቀቱ 2000 ሜትር ነው፤ ስምንት ቀዛፊዎችና አንድ መሪ የያዘች ጀልባ ይህን ርቀት በስድስትና በሰባት ደቂቃ መካከል፣ ጠንካራ የወንዶች ቡድን ከሆነም ከስድስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ትጨርሰዋለች። ወላጁ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው መድረሻው አጠገብ ስለሆነ፣ ከግማሽ በላይ ለሚሆነው ጊዜ የሚታየው በውኃው ላይ የሚንቀሳቀሱ ነጥቦች ብቻ ነው። ቀዛፊ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ጀርባውን ሰጥቶ ስለሚቀመጥ፣ ጀልባዋ ስትቀርብ የሚያዩት የልጅዎን ጀርባ ነው፤ ፊቷን የሚያዩት ካለፈች በኋላ፣ ያውም አንገቷን ደፍታ ትንፋሽ ስትፈልግ ነው። ለዚህች ቅጽበት ነው ወላጅ ከሌላ ክፍለ ግዛት በአውሮፕላን የሚመጣው፣ ሆቴል የሚይዘው፣ መሥሪያ ቤቱን ፈቃድ የሚለምነው። ጠዋት ማጣሪያ፣ ከሰዓት በኋላ ፍጻሜ ሲኖር፣ በመካከል ያሉትን ሰዓታት ልጁ በሃምሳ እርምጃ ርቀት እያለች እርሱ ከገመድ ወዲህ ቆሞ እንዲያሳልፍ ማድረግ ለእኔ ክብር የጎደለው አሠራር ነው። «ልጆቹ ዐዋቂዎች ናቸው» እየተባለ ከእናትና ከአባታቸው ጋር ለመነጋገር ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል መባሉም እርስ በርሱ ይጋጫል።

ረዳት አሠልጣኝ፦
አባትየው የጻፉት እውነት ነው፤ ግን ከገመዱ ወዲያ ያለውን ሥራ አልገለጹትም። ባለስምንት ጀልባ ርዝመቷ 18 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በዓለም አቀፉ ደንብ የተወሰነው ዝቅተኛ ክብደቷ 96 ኪሎ ነው። ቀዛፊዎቹ በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ውኃው ሲወርዱ ከኋላ ያለው የፊቱን መንገድ በደንብ አያይም፤ የሚመራቸው የመሪው፣ ማለትም የኮክሱ ድምፅ ነው። ጀልባዋ ስትታጠፍ ጫፏ ሰፊ ቦታ ጠርጎ ያልፋል፤ ስልኩን ከፍ አድርጎ ፎቶ የሚያነሳ ሰው ደግሞ ከጀርባው የሚመጣውን አያይም። ከሰውየው ጉዳት ባሻገር፣ የካርቦን ፋይበሩ ቅርፊት ስስ በመሆኑ ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ጊዜ ሲቀረው የተሰነጠቀ ጀልባ ይዞ መቅረትም አለ።

ሁለተኛው የመገጣጠም ሥራ ነው። በጉዞ ጊዜ መቅዘፊያውን የሚይዙት የብረት ክንዶች፣ ሪገር የምንላቸው፣ ከጀልባው ተፈትተው ስለሚጫኑ፣ ቦታው ስንደርስ ቀዛፊዎቹ ራሳቸው በመፍቻ መልሰው ያስሯቸዋል። ይህን ሥራ ከያዘው መካከል ተጠርቶ አክስቱን የሚስም ልጅ ሲመለስ የትኛውን ብሎን እንዳጠበቀ የትኛውን እንደተወ አያስታውስም፤ የላላው ብሎን ራሱን የሚገልጠው ደግሞ መነሻው ላይ፣ ሙሉ ኃይል ሲያርፍበት ነው። በቀላል ክብደት የሚወዳደሩት ወንዶችም ከ160 ፓውንድ፣ ማለትም ከ72.5 ኪሎ ገደማ ማለፍ ስለማይፈቀድላቸው፣ ሚዛን ላይ ከመውጣታቸው በፊት በፍቅር የሚዘረጋ ምግብ ለእነርሱ ፈተና ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝን በግልጽ ልናገር። ወላጅ ገመዱን ሲሻገር ከልጁ ጋር ብቻ አይነጋገርም፤ ወደ እኛም ይመጣና «ለምን ወደ ሁለተኛው ጀልባ ወረደች?» ይላል። በሴቶች የዲቪዥን አንድ፣ ማለትም የከፍተኛው የኮሌጅ ስፖርት ደረጃ፣ ብሔራዊ ሻምፒዮና የቡድኑ ውጤት የሚሰላው ከአንደኛው ባለስምንት፣ ከሁለተኛው ባለስምንትና ከባለአራቱ ጀልባ ነጥብ ተደምሮ ነው። ሁለተኛው ጀልባ የወደቁት ሰዎች መጣያ አይደለም። ይህን ግን በውድድር ጠዋት፣ ሰዓት እየቆጠርኩ ለአንድ አባት ላስረዳ አልችልም።

የስፖርት ታሪክ መምህር፦
ተመልካቹን እንደ እንግዳ ደራሽ መቁጠር ከዚህ ስፖርት አመጣጥ ጋር አይሄድም። በአሜሪካ በኮሌጆች መካከል የተደረገው የመጀመሪያው የስፖርት ውድድር ሐርቫርድና ዬል እ.ኤ.አ. በ1852 በኒው ሃምፕሸር በዊኒፐሶኪ ሐይቅ ላይ ያካሄዱት የቀዘፋ ግጥሚያ ነው፤ ወጪውን የቻለውም ወደ ሐይቁ መንገደኛ ለመሳብ የፈለገ የባቡር ኩባንያ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1895 ጀምሮ በሃድሰን ወንዝ ላይ በፖኪፕሲ ይካሄድ በነበረው ውድድርም፣ በወንዙ ዳር ሐዲድ ላይ ከጀልባዎቹ ጎን ለጎን የሚሄድ ባቡር ተዘጋጅቶ ተመልካቹ ቀዘፋውን ተቀምጦ ይከተል ነበር። የዛሬ ወላጅ ከሕዝቡ የቀረ ጥቂቱ ነው፤ እርሱንም ማራቅ ስፖርቱን ያለ ተመልካች ማስቀረት ይሆናል።

ረዳት አሠልጣኝ፦
በባቡሩ ላይ የነበሩት ወርደው ከቀዛፊዎቹ ጋር አላወሩም። መመልከትን ማንም አልከለከለም።

የኮክስ እናት፦
አንድ ነገር ላስታውስ። ጀልባ ውስጥ ካሉት ዘጠኝ ሰዎች ወደፊት የሚያየው መሪው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ወላጁን በዓይኑ የሚያገኝ ልጅ ካለ የእኔ ልጅ ነው። በጥቅምት ቦስተን ላይ በሚካሄደው የሄድ ኦቭ ዘ ቻርልስ ውድድር ጀልባዎች በየተራ እየተለቀቁ 4.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ወንዙ ላይኛ ይቀዝፋሉ፤ በዊክስ የእግረኛ ድልድይ አካባቢ ያለው መታጠፊያ ሹል ስለሆነ ጀልባዎች የሚጋጩበትም ጊዜ አለ። እኔ ድልድዩ ላይ ቆሜ ስሙን ልጠራ ስዘጋጅ፣ ልጄ አስቀድሞ «እማዬ፣ እዚያ ጋ ዝም በይልኝ፤ ካለፍኩ በኋላ እንደፈለግሽ ጩኺ» ብሎኝ ነበር። ዝም አልኩ። ክልከላው ከአሠልጣኝ ቢመጣ ኖሮ እከራከር ነበር፤ ከልጄ ስለመጣ ግን ለመቀበል አልከበደኝም።

የቀድሞ ቀዛፊ፦
እስካሁን አባት፣ አሠልጣኝና መምህር ስለ ቀዛፊው ተከራክረዋል፤ የኮክሱ እናት ብቻ ልጁ የሚለውን ነገሩን። እኔ ከዚያ ልቀጥል።

ብዙዎቻችን ኮሌጅ እስክንገባ ድረስ መቅዘፊያ ነክተን አናውቅም ነበር። ወላጆቻችንም ስለ ስፖርቱ የሚያውቁት ከእኛ የሰሙትን ነው፤ እኛ ደግሞ የምንነግራቸው ውጤቱን እንጂ አሠራሩን አይደለም። ለምሳሌ ወንበር የሚወሰንበት ፉክክር አለ። ሁለት ጀልባዎች ጎን ለጎን ይቀዝፉና ልዩነታቸው ይመዘገባል፤ ከዚያ ከየጀልባው አንድ ቀዛፊ ቦታ ይለዋወጥና ውድድሩ ይደገማል፤ ልዩነቱ በምን ያህል እንደተቀየረ ታይቶ ከሁለቱ ማን ጀልባዋን እንዳፈጠነ ይታወቃል። ጭካኔው ግልጽ በመሆኑ ነው፤ ሁሉም ሰው ውኃ ላይ ሆኖ ያየዋል። እኔ እንዲህ ባለ ፉክክር ቦታዬን አጣሁ፣ እናቴም ሳታማክረኝ ለአሠልጣኙ ኢሜይል ጻፈች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወንበሬን መልሼ ሳገኝ፣ በቀዘፋዬ ነው ወይስ በእናቴ ደብዳቤ የሚለውን ጥያቄ ያነበብኩት በአሠልጣኙ ሳይሆን በጓደኞቼ ፊት ላይ ነው። ማንም በቃል አልተናገረውም፤ እኔም መልስ የምሰጥበት አጋጣሚ አላገኘሁም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የትምህርት መዛግብት ግላዊነት ሕግ፣ ተማሪው 18 ዓመት ሲሞላው ወይም ከሁለተኛ ደረጃ በላይ በሆነ ተቋም መማር ሲጀምር መዛግብቱን የማየትና የመፍቀድ መብት ከወላጅ ወደ ተማሪው እንዲዛወር ያደርጋል። ሕጉ የሚመለከተው መዛግብትን እንጂ ወላጆች ምግብ በሚያቀርቡበት ድንኳን ሥር የሚደረግ ጭውውትን አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ኮሌጁ የልጁን የፈተና ውጤት ለወላጅ ለመስጠት የልጁን ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ፣ የጀልባ ምደባውንም አሠልጣኙ ከወላጅ ጋር እንዲወያይበት የልጁ ፈቃድ ያስፈልጋል ማለት ይቻላል። ስለ ምደባ ወላጅና አሠልጣኝ በፍጹም አይነጋገሩ እላለሁ፤ በዚህ ረገድ ክልከላውን ከአሠልጣኙም በላይ አጠብቀዋለሁ።

ልጅንና ወላጅን ማለያየት ግን ሌላ ነገር ነው። የወላጆች ድንኳን ለእኔ ትልቅ ነገር የነበረው የእናቴ ስለነበረ አይደለም። ወላጆቻቸው ለአውሮፕላን የሚከፍሉት ገንዘብ ወይም ከሥራ የሚያገኙት ፈቃድ የሌላቸው፣ በኮሌጅ ዘመናቸው አንድም ሰው መጥቶላቸው የማያውቅ ቀዛፊዎች በቡድናችን ነበሩ፤ የሌላው እናት ሳህን ስትሰጣቸው በስማቸው ትጠራቸውና ስንተኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጡም ታውቅ ነበር። ገመዱ ሲዘረጋ ወላጅ ያለው ልጅ ማታ ስልክ ይደወልለታል፤ የሚጎዳው ያ ወላጅ ያልመጣለት ነው። ስለዚህ ሐሳቤ፣ ወደ ተጎታቹ መግባት ይከልከል፣ ድንኳኑ ግን ክፍት ይሁን፤ ከፍጻሜው በፊት ወደ ድንኳኑ መሄድ አለመሄዱን ቀዛፊው ራሱ የውድድር ዘመኑ ከመጀመሩ በፊት ይወስን።

የቀዛፊ አባት፦
«ቀዛፊው ይወስን» የሚለው ለጆሮ ያምራል፤ ወንበር የሚያድለው ሰው ፊት ቀርቦ «እናቴን ማግኘት እፈልጋለሁ» የሚል የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ግን ስንት ይገኛል? ጓደኞቿ ሁሉ «አያስፈልገኝም» ሲሉ ልጄም አያስፈልገኝም ትላለች። ሌላም አለ። የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ፣ ኤንሲኤኤ፣ በውድድር ዘመን የአንድን ስፖርተኛ ግዴታ በሳምንት በ20 ሰዓት ይገድባል፤ የውድድር ቀን ምንም ያህል ቢረዝም ግን የሚቆጠረው እንደ ሦስት ሰዓት ነው። ጎህ ሳይቀድ የጀመረ፣ ማታ የሚያልቅ ቀን በመዝገብ ሦስት ሰዓት ነው ከተባለ፣ ቀሪው ሰዓት የማን ነው? ለአሠልጣኙ ነው የሚል ደንብ አላነበብኩም።

የቀድሞ ቀዛፊ፦
ስለ ፍርሃቱ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ምርጫውን የቡድኑ አምበሎች ይሰብስቡት፣ አሠልጣኙም ማን ምን እንደመረጠ አይወቅ።

ረዳት አሠልጣኝ፦
ድንኳኑ ከጀልባዎቹ ራቅ ብሎ እስከተተከለ ድረስ በማጣሪያና በፍጻሜ መካከል አንድ የተወሰነ ሰዓት መፍቀድ እንደሚቻል እቀበላለሁ። ሆኖም በእኛ ቡድን የተከለከለው እስከ መጨረሻው ውድድር ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወላጅና ልጅ እንደልባቸው ናቸው።

የኮክስ እናት፦
ይቅርታ ያድርጉልኝና «ከዚያ በኋላ» ያሉት ጊዜ የለም። የመጨረሻው ውድድር እንዳለቀ ልጆቹ ጀልባውን ተሸክመው ይመለሳሉ፣ ያጥባሉ፣ ሪገሮቹን በመፍቻ ይፈታሉ፣ መቅዘፊያዎቹን ይለቅማሉ፣ ተጎታቹ ላይ ይጭናሉ፣ ያስራሉ። ሲጨርሱ አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃቸዋል፤ ምክንያቱም በማግስቱ ትምህርት አለ። እኔ ልጄን አቅፌ የማውቀው በአውቶቡሱ በርና በደረጃው መካከል ነው። ክልከላው እስከ መጨረሻው ውድድር ነው ከተባለ፣ ወይ አውቶቡሱ ይቆይ፣ ወይ እኛም መፍቻ ይሰጠንና ሥራው ቶሎ ይለቅ።

ረዳት አሠልጣኝ፦
አውቶቡሱ ጀልባዎቹ ከተጫኑ በኋላ ግማሽ ሰዓት እንዲቆይ ለዋና አሠልጣኙ አቀርባለሁ፤ ይህ በመርሐ ግብሩ ላይ ሊጻፍ ይችላል። መፍቻውን ግን አልሰጥም።