ነጭ ሽፋን ያወጣ ሳሙና ለሽያጭ ይውጣ?

ሀዋሳ ውስጥ የእጅ ሳሙና እሠራለሁ፤ እስካሁን ግን አንድም ፍሬ ለሽያጭ አላወጣሁም። የምጠቀመው 500 ግራም የፓልም፣ 300 ግራም የኮኮናት እና 200 ግራም የሱፍ ዘይት ነው። 145 ግራም ኮስቲክ ሶዳ በ290 ግራም ውሃ አሟሟለሁ (ሁልጊዜ ሶዳው ወደ ውሃው ነው የሚጨመረው)። በዚህ ልክ 5 በመቶ ያህሉ ዘይት ወደ ሳሙና ሳይለወጥ ስለሚቀር ቆዳ ብዙም አያደርቅም።

ያስቸገረኝ መልኩ ነው። ገና ከዘይቱ ጋር ያልተዋሃደ ሶዳ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ላዩ ላይ ስስ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ጉዳት የለውም፤ ሲታጠቡበት ይለቃል። ፕላስቲክ አልብሼ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ 24 ሰዓት ባቆየውም ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። በእንፋሎት ሳጠራው ጠርዙ ይሟሽሻል። ውሃውን ወደ 260 ግራም ሳወርደው ደግሞ ውህዱ ቶሎ ስለሚወፍር ቅርጽ ማውጫው ውስጥ በደንብ አይተኛም፤ የአየር ቀዳዳ ይቀርበታል። አንድ ነገር በቀየርኩ ቁጥር ውጤቱን ለማየት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ማድረቅ ግድ ነው። እንከን የለሽ እስኪሆን ከጠበቅኩ ሥራው መቼም አይጀመርም።

ሶዳ በዝቶበት ምላስ ሲነካው የሚቆነጥጠውን፣ ዘይቱ ተበላሽቶ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ያወጣውን በምንም ዋጋ አልሸጥም። ይኼኛው ግን የመልክ ጉዳይ ብቻ ነው። ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ያለ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ለሙከራ ጥቂት ፍሬ አምጪ ብሎኛል።

የእጅ ሥራ የምትሸጡ ወገኖች፣ ነጭ ሽፋኑ እንዳለ በሙሉ ዋጋ ላስረክብ ወይስ ለይቼ በቅናሽ ልጀምር?