መላጊያ ማሽኔን የት ላቁመው? ፍቅፋቂውንስ ምን ላድርገው?

አናጺው ከሽምብጥ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ትንሽ የእንጨት ሥራ ቤት አለችኝ። ስፋቷ 4 ሜትር፣ ርዝመቷ 7 ሜትር ነው። በሯ ወደ ጣና ያያል፤ ከኋላ አንድ መስኮት አላት። የምሠራው በአብዛኛው የዋንዛ አልጋና በርጩማ ነው። መሰንጠቂያ ማሽን ከድሮም ነበረኝ። በቅርቡ ደግሞ ያገለገለ መላጊያ ማሽን ገዛሁ።

መንገድ እንዳይዘጋብኝ ብዬ ከኋላ ግድግዳ አጠገብ፣ በቤቱ ስፋት አቆምኩት። አሁን 2 ሜትር ከሩብ የሆነ የአልጋ ጎን ሳሳልፍ ጫፉ ግድግዳ ይነካል። ጣውላው መሀል ላይ ሲቆም ደግሞ ምላጩ ጎድጎድ ያለ መስመር ይተውበታል። ያንን በእጅ ስፍቅ እውላለሁ።

ከዚህ የባሰብኝ ፍቅፋቂው ነው። ብዙ በምልግበት ቀን 4 ጆንያ ይሞላል። ረፋዱ ላይ የጣና ነፋስ ሲነሣ በበሩ ይገባና ሰጋቱራውን ጠራርጎ በኋላ መስኮት ያወጣዋል። ከመስኮቱ ጀርባ የአንዲት እናት ግቢ አለ። ጠላ ጠምቀው ነው የሚኖሩት። ባለፈው ሳምንት ብቅል አስጥተው ነበር። ጠሩኝና እፍኝ አንሥተው መዳፋቸው ላይ አሹት። ብቅሉን መልሰው ሲያፈሱት ቡናማው ብናኝ በእጃቸው መስመሮች ውስጥ ቀረ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ይሄን ማን ይለቅመዋል?» አሉኝ ብቻ። እንቅልፍ ነሳኝ። ቤቱን ልቀይር አልችልም። ማሽኖቹን እንዴት ባደርጋቸው ይሻላል?

የዓባይ ማዶ አናጺ፦

አይዞህ ልጄ። ማሽን የሚቆመው በጣውላው መንገድ ነው እንጂ በግድግዳ አይደለም። ረጅሙን ጣውላህን ለካ። 2 ሜትር ከሩብ ከፊት፣ 2 ሜትር ከሩብ ከኋላ፣ ለማሽኑ ደግሞ አንድ ሜትር ያዝለት። 5 ሜትር ተኩል መጣ። በ4 ሜትሩ በኩል አይሆንም፤ በ7 ሜትሩ በኩል ግን ይተርፍሃል።

ስለዚህ ሁለቱንም ማሽን በቤቱ ርዝመት አቁማቸው። መላጊያውን ወደ አንዱ ጎን ግድግዳ አስጠጋ፣ መሰንጠቂያውን መሀል አድርገው። ጣውላው ከኋላ ተነሥቶ ወደ በሩ ይሂድ። ረዘም ያለ ከመጣ በሩን ትከፍታለህ፣ ጫፉ ወደ ውጭ ይወጣል።

ወደ በሩ ያልኩህ በሌላም ምክንያት ነው። መሰንጠቂያ እንጨት ነክሶ ሲመልስ የሚወረውረው ወደሚገፋው ሰው ጎን ነው። ደንበኛ ሁሌ በር ላይ ይቆማል፤ ሕፃን ይዞም ይመጣል። እንዳልኩህ ካደረግከው የተመለሰው እንጨት የሚመታው የኋላውን ግድግዳ ነው። አንተም ከምላጩ ትክክል አትቁም፣ ወደ ጎን በል። ኮላ የሚቀባ ልጅ ካለህ እዚያ መስመር ላይ አታስቀምጠው። እኔ ጋ አንድ ጊዜ የተመለሰ ቁራጭ ከኋላዬ የነበረውን የውሃ ጀሪካን በስቶታል። ሙሉ ነበር። ውሃው ሲንዶለዶል ቆሜ አየሁት፤ ረዳቴ ከአንድ ደቂቃ በፊት እዚያው ላይ ነበር።

ስለ ነፋሱ፦ የሚላገውን ሁሉ በጠዋት ጨርሰው። ሐይቁ መንፈስ ሲጀምር ኮላና ገጠማ ላይ ሁን።

ሞተር ጠምጣሚው፦

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው። እኔ ፍቅፋቂውን በአየር ስቦ ከማሽኑ ስለሚያወጣው መሳቢያ ልጨምር። የቤት ቫኪዩም አትሞክር። የመላጊያ ፍቅፋቂ ጥቅልል ስለሆነ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ተጠላልፎ ይደፍናል። ቢያንስ የ10 ሴንቲ ሜትር ቱቦ ያስፈልግሃል። ከመሳቢያው በፊት ክዳኑ የሚገጥም በርሜል አስገባ። ከባዱ ፍቅፋቂ እዚያው ይወድቃል፤ ወደ ማራገቢያው የሚደርሰው ቀላሉ ብቻ ይሆናል። በርሜሉ ከመላጊያው አይራቅ። ቱቦውን በአንድ ጊዜ እንደ ክርን አትጠፈው፤ ቀስ ብሎ ይዙር። የሚጣጠፈው ፕላስቲክ ቱቦ አየሩን ስለሚይዘው በአጭሩ ብቻ ተጠቀምበት።

አንድ ነገር ግን አደራ። ዓይንህ የሚያየው ፍቅፋቂ አይደለም የሚጎዳህ። ሳንባ የሚገባው አየር ላይ የሚቀረው ደቃቁ ብናኝ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ከሚባሉት ውስጥ ያስገባው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። የመሳቢያው ከረጢት ሳሳ ያለ ጨርቅ ከሆነ ደቃቁን መልሶ ይለቀዋል። ስለዚህ ማስክ አድርግ፤ አፍንጫህ ላይ የሚገጥም ይሁን። ወለሉን በኮምፕረሰር አትንፋ፤ የወረደውን መልሰህ ማስነሣት ነው። በርሜሉንም ማታ ባዶ ሳታደርግ አትውጣ። ምላጭ ሚስማር መትቶ የእሳት ፍንጣሪ ከገባ ውስጥ ለውስጥ ሲጨስ ሊያድር ይችላል።

ዶሮ አርቢዋ ከዘንዘልማ፦

ወንድሜ፣ ፍቅፋቂውን እኔ እፈልገዋለሁ። ለዶሮ ወለል ጥሩ ነው፤ እርጥበት ይመጥጣል። ግን ለይልኝ። ሰጋቱራውን አልወስድም፤ ጫጩቶቹ ይለቅሙታል፣ አቧራውም ያስነጥሳቸዋል። የቺፑድና የኤምዲኤፍ ብናኝ በፍጹም አይግባበት፤ በኮላ የተጣበቀ የፋብሪካ ጣውላ ነው። ቫርኒሽ የነካ አሮጌ እንጨትም እንደዚሁ። ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ከሆነ ይሻግታል። ከዚህ በፊት ከአንድ ቤት የወሰድኩት ሚስማር ነበረበት፤ አንድ ዶሮ እግሯን ተወግታ ቆየች። ጆንያ ይዤ ቅዳሜ እመጣለሁ። ሰጋቱራውን ለሚያነድ ስጠው። ቆርቆሮ ውስጥ መሀሉ ላይ ጠርሙስ አቁመው ጠቅጥቀው ይሞሉትና ጠርሙሱን ያወጡታል። በቀዳዳው ሲለኮስ ረጅም ሰዓት ይነዳል። ወደ ሐይቁ ግን እንዳትደፋው። እየበሰበሰ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ጣና በእምቦጩ የሆነው ይበቃዋል።

አናጺው ከሽምብጥ፦

ጋሼ፣ ወንድሜ፣ እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ማሽኖቹን በርዝመት አዞርኳቸው። የመሰንጠቂያውን እግር በዋንዛ ቁራጭ ከፍ አድርጌ ከመላጊያው እኩል አመጣሁት፤ ጣውላው አንዱ ላይ ተላግቶ ሌላው ላይ ያርፋል። የአልጋ ጎን ያለ አንድ ጠባሳ ወጣ። ብርሃን ላይ አጋድሜ አየሁት፣ የዋንዛው መስመር እስከ ጫፉ ንጹሕ ነው።

በርሜል አግኝቻለሁ። መሳቢያው ገና ነው፤ ብሩ ሲሞላልኝ ሞተር ጠምጣሚውን አማክራለሁ። እስከዚያው መስኮቱን በእርጥብ ጆንያ ከለልኩት። መላጊያውን ከአራት ሰዓት በፊት እዘጋለሁ። እማማ ትናንት ብቅላቸውን እንደገና አሰጡ። ከሰዓት ሄጄ እጄን ሰፌዱ ውስጥ አስገባሁና መዳፌን አየሁት። ምንም የለበትም።

እህቴ፣ 6 ጆንያ ለይቼ አስቀምጬልሻለሁ፤ ሁሉም ዋንዛ ነው። ማግኔት አሳልፌበታለሁ።