አስቸኳይ፦ የኤኤ (መጠጥ ለማቆም የሚፈልጉ ሰዎች የሚረዳዱበት ማኅበር) ስብሰባ ብለን መጥተን በሩ ተቆልፏል፤ ዛሬ ማታ ሌላ የት አለ?

ታናሽ እህት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ መጠጥ ለማቆም በስንት ልመና እሺ አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ያገኘሁት አድራሻ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ማታ በፈረንጅ 7 ሰዓት ይላል። ብናንኳኳ የሚከፍት የለም። አሁን መኪና ውስጥ ተቀምጠናል። ዛሬ ካልገባ ነገ እሺ አይለኝም፤ እባካችሁ ቶሎ በሉልኝ።

ሰላም84፦
የት ከተማ? አገሩን እንኳ አልጻፍሽም እኮ።

ታናሽ እህት፦
ይቅርታ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ።

የቦሌ ልጅ፦
ከመሄዳችሁ በፊት ሕንፃውን ዙሩት። ስብሰባው አብዛኛውን ጊዜ ቤዝመንት ውስጥ ነው። ትልቁ የፊት በር ማታ ይቆለፋል፤ መግቢያው በፓርኪንጉ በኩል ያለችው ትንሽ በር ናት። በሩ ላይ «ኤኤ» የሚል ወረቀት ከተለጠፈ ወይም ሰዎች ቡና ይዘው ውጭ ከቆሙ እሱ ነው። ከሌለ አድራሻው አሮጌ ነው ማለት ነው። በ2020 በኮቪድ ጊዜ ወደ ዙም ሄደው ያልተመለሱ ቡድኖች አሉ፤ የድሮው ዝርዝር ግን እስካሁን ሰው ያሳስታል።

የኤኤ ስብሰባዎችን የሚያሳየውን «ሚቲንግ ጋይድ» የሚባል አፕ አውርጂ፤ ምልክቱ ሰማያዊ ላይ ነጭ ወንበር ነው። ሎኬሽን ፍቀጂለትና የዛሬውን ቀን ምረጪ። «ኦፕን» የሚል ከሆነ አንቺም አብረሽው ትገቢያለሽ። «ክሎዝድ» ማለት ዝግ ነው ማለት ሳይሆን መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ ብቻ ነው ማለት ነው፤ እሱ ይገባል፣ አንቺ ውጭ ትጠብቂዋለሽ። «ቴምፖራሪሊ ክሎዝድ» የሚለው ግን ቦታው ተዘግቷል፤ እዚያ አትድከሚ።

ወለተ ማርያም፦
እህቴ፣ የፈረንጅ ስብሰባ ምን ይፈይዳል? ወንድምሽን ንስሐ አባቱ ጋ ውሰጂው። ሱባዔ ይያዝ፣ ጸበል ይጠመቅ፣ ይጹም። ቅዱስ ቁርባን የቀረበ ሰው መጠጥ ቤት ደጃፍ አይቆምም። ሥሩ ሳይነቀል ቅጠሉን መቁረጥ ድካም ነው።

ማሙሽ ዲሲ፦
ሚቲንግ ጋይድ የሚባል አፕ አለ፣ እሱን አውርጂ። ቡናውን ግን አቦል ብለሽ እንዳትጠብቂ፤ ሦስተኛውም በረካ ይሻለዋል 😄

ነርስ ትግስት፦
እኔ ጥያቄው ራሱ አላማረኝም። መጨረሻ የጠጣው መቼ ነው? በየቀኑ ነበር? ምንድን ነው የሚጠጣው?

ታናሽ እህት፦
ትናንት ማታ ነው ያቆመው። በየቀኑ ውስኪ፣ ሁለት ዓመት አልፎታል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አልቦታል። ፍርሃት መስሎኝ ነበር።

ነርስ ትግስት፦
እንግዲያው ዛሬ ማታ የሚያስፈልገው ስብሰባ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል ነው። በየቀኑ ሲጠጣ የኖረ ሰው ባንዴ ሲያቆም መንቀጥቀጡና ላቡ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። ሰውነትን የሚያንፈራግጠው የሚጥል ሕመም እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊመጣ ይችላል። መቃዠት፣ ትኩሳትና ሰው አለመለየት ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ሊመጡ ይችላሉ፤ ይሄ ደረጃ ሊገድል ይችላል። ሐኪም ቤት ቤንዞዲያዜፒን የሚባለውን መድኃኒት በልክ እየሰጡ ያሳልፉታል፣ ታያሚን (ቫይታሚን ቢ1) ይጨምሩለታል። እቤት ያለ የእንቅልፍ ኪኒን እንዳትሰጪው። ከተንፈራገጠ ወይም መቃዠት ከጀመረ አትንጂ፣ 911 ደውይ።

ኢንሹራንስ የለውም ብለሽ አትቅሪ። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ባለው የአሜሪካ ሕግ ድንገተኛ ክፍል መክፈል ለማይችልም ሰው መርምሮ ሳያረጋጋው አይመልስም። አማርኛ አስተርጓሚ በነጻ ጠይቂ። የጠጣውንም መጠን ሳትቀንሺ ንገሪያቸው፤ መድኃኒቱን ሲወስኑ እሱንም ያያሉ።

ሰሎሞን ኬ፦
ለምን ቢራ አይቀምስም? ከውስኪ ቀስ እያለ ቢወርድ ይሻላል።

ነርስ ትግስት፦
5 በመቶ የሆነ 355 ሚሊ ሊትር ቢራ እና 40 በመቶ የሆነ 44 ሚሊ ሊትር ውስኪ ውስጥ ያለው አልኮል እኩል ነው። ቀስ በቀስ ማውረድ ሐኪም እየተከታተለ የሚሠራ ነው እንጂ መኪና ውስጥ የሚሞከር አይደለም። ወለተ ማርያም፣ ጸበሉን ማንም አይጠላም፤ ግን በዚህ ሳምንት ጾም አይያዝ፣ ይብላ፣ ውሃ ይጠጣ።

የቦሌ ልጅ፦
ትግስት ልክ ነሽ፣ እኔም ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ስብሰባው ከሆስፒታል ሲወጣ ነው፤ በወጣ በማግስቱ ቢሆን ይመረጣል፣ አደገኛው ጊዜ ያ ነው። ስሙን ብቻ ይናገር፣ የአባት ስም አይጠየቅም። መናገር ካልፈለገ «አይ ፓስ» ይበል። የመዋጮ ቅርጫት ሲዞር አዲስ ሰው ምንም አይጠበቅበትም። ከስብሰባው በኋላ ሁለት ሦስት ወንዶች ስልካቸውን ይሰጡታል፤ ወረቀቱን እንዳይጥለው፣ ማታ መጠጥ ሲያምረው የሚደውለው እዚያ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚሰበሰቡት አዳራሹ ስለሚከራይ ነው፤ ኤኤ የየትኛውም እምነት አይደለም።

ለአንቺም አል-አኖን አለ፣ የሚጠጣ ሰው ላለባቸው ቤተሰቦች። የራስሽ ነው፣ እሱ ባይሄድም ሂጂ።

ሰላም84፦
ታናሽ እህት፣ ሐኪም ቤት ገባችሁ? አንድ ቃል ጣይልን።

ማሙሽ ዲሲ፦
ትናንት ነበር ይሄ። እህታችን፣ እየጠበቅንሽ ነው።

ኤፍሬም፦
እኔ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነኝ፣ የዲሲው የኤኤ ስብሰባዎች ዝርዝር ላይ የእኛ ሰፈር የለም። ተሳስቼ ነው?

የቦሌ ልጅ፦
አልተሳሳትክም። የዲሲና የሜሪላንዱ ኢንተርግሩፕ (የአካባቢውን ቡድኖች የሚያስተባብረው ቢሮ) ሌላ፣ የሰሜን ቨርጂኒያው ሌላ ነው። አፑ ሁለቱንም ያሳያል።