ሦስት ባዮሎጂስቶች ድርጅት ልንከፍት ነው፤ ምን ይጎድለናል?

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ አብረን የተማርን ሦስት ጓደኛሞች ነን። ለባቄላና ለሽምብራ የሚሆን ራይዞቢየም ልናመርት አስበናል። ለማታውቁት፣ ሥሩ ላይ ሆኖ ከአየር ናይትሮጅን እየያዘ ተክሉን የሚመግብ ባክቴሪያ ነው። ገበሬው ዘሩን በሱ ለውሶ ይዘራል። አምስት ኪሎ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ክፍል አግኝተናል። ቀብድ ሳንከፍል ልጠይቅ፦ እንዲህ ያለ ድርጅት የሚሳካለት በምንድን ነው? በላቦራቶሪው ጥራት? በገንዘብ?

የድሮ ላብ ሠራተኛ፦
ወንድሜ፣ ይህንኑ የሚያመርት ድርጅት ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ስሙን ተወው፣ ተዘግቷል። ቢሮው ሜክሲኮ አካባቢ ነበር። ባክቴሪያችን ምንም አይወጣለትም ነበር። (የማሳድገው እኔ ስለሆንኩ አይደለም።)

የጣለን ወቅት ነው። ባቄላ ሰኔ ላይ ይዘራል። ሽምብራ ደግሞ ዝናቡ ሊወጣ ሲል። ከዚያ ውጭ አንዲት ፓኬት የሚገዛህ የለም። ዕቃው ሕይወት ያለው ነው፤ ሙቀት ይገድለዋል፣ ከቆየም ይሞታል። እና አንድ ዓመት አንድ የገበሬዎች ማኅበር ትዕዛዙን ያረጋገጠልን ሊዘራ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው ነው። በዚያው ሰሞን የአውቶክሌቩ (በሙቅ እንፋሎት ጀርም የሚገድለው ማሽን) የበር ጎማ ተበላሸ። 121 ዲግሪ ካልደረሰ ማምከን የለም፣ ካላመከንክ ሥራ የለም። ጊዜው ዶላር በወረፋ የሚገኝበት ነበር። ጎማው ሲደርስ ባቄላው አብቧል! አንዲት ጎማ እኮ ናት።

ደግሞ ስድስታችንም የላብ ሰዎች ነበርን። ሚያዝያ ላይ ማኅበሩ ደጅ የሚጠና፣ መለዋወጫ ቀድሞ የሚገዛ አንድም ሰው አልነበረንም። የህንዱን ሻንታ ባዮቴክኒክስ ተመልከት። እ.ኤ.አ. በ1993 ሃይደራባድ ላይ ያቋቋሙት ቫራፕራሳድ ሬዲ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ናቸው። ባዮሎጂውን ለሚያውቁት ሰጡ። በ1997 የሄፓታይተስ ቢ ክትባታቸውን ከውጭ ከሚመጣው በጣም ባነሰ ዋጋ ገበያ አወጡ።

ሒሳብ ያዥዋ፦
እኔም ልጨምር። ዛሬ በኢንሱሊን የሚታወቀው የህንዱ ባዮኮን እ.ኤ.አ. በ1978 ባንጋሎር ውስጥ በአንድ ጋራዥ፣ በ10,000 ሩፒ ሲጀመር በኢንሱሊን አልጀመረም። ከፓፓያ የሚወጣ፣ ቢራ ለማጥራት የሚውል ኢንዛይም ነበር የሚሠራው። የአየርላንድ ሸሪክ ስለነበረው ገዢ ፍለጋ አልተንከራተተም። ኢንሱሊኑ የመጣው በ2004 ነው። ስለዚህ ልጆች፣ ከሰኔ እስከ ሰኔ ኪራይ የሚከፍልላችሁ ሌላ ሥራ አላችሁ? የአፈር ምርመራም ይሁን የእንጉዳይ ዘር። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

የድሮ ላብ ሠራተኛ፦
ልክ ናት። ረስቼው፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው ያልከው? ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ? ቧንቧውን ክፈትና እይ፤ ማታ ሳይሆን ቀን።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ዛሬ ሄጄ ከፈትኩት። አየር ብቻ ነው የወጣው። ቀብዱን አቆይተነዋል። የጓደኛችን አጎት እህል በረንዳ ነጋዴ ናቸው፤ ሽምብራው ከየት ከየት እንደሚመጣ በቃላቸው ያውቁታል። ቅዳሜ ፒያሳ ማኪያቶ ልንጋብዛቸው ነው።

የድሮ ላብ ሠራተኛ፦
የእህል ነጋዴ በማኪያቶ? ምሳ ጋብዟቸው እንጂ።