ባለ 20 ጎን ዳይስ ሳይኖር ለአምስት ጀማሪ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ማጫወት ይቻላል?

ቀበና_ማዶ

ሰላም ለሁላችሁ። ከመስቀል ማግስት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት፣ አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ሳሎን ውስጥ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (አንዱ ታሪኩን እየመራ ሌሎቹ እንደ ገጸ ባሕርይ ሆነው የሚጫወቱት የጠረጴዛ ጨዋታ) ላጫውት ነው። ተጫዋቾቹ አምስት ናቸው። ሁሉም ፋንታሲ መጽሐፍና ፊልም ይወዳሉ፤ ጠረጴዛ ላይ የተጫወተ ግን አንድም የለም። እኔም ሕጉን አነበብኩት እንጂ አጫውቼ አላውቅም።

የቸገረኝ፦ ባለ 20 ጎን ዳይስ (ዲ20) የለንም፣ ያለን የሉዶ ዳይስ ነው። ምን ያህል ገጽ ላሳትም? በአራት ሰዓት ውስጥ የሚያልቅ ታሪክ ምን ይመስላል? ከጨዋታው በፊት አንድ ፊልም አይተን ብንሟሟቅስ? ደግሞ ቤቱ የአንዱ ተጫዋች እናት ቤት ነው፤ እሳቸው «ይሄ ነገር ጥንቆላ ነው እንዴ?» ብለዋል።

ባለቆርኪ

ዳይሱ አያስጨንቃችሁ፤ ሦስት የሉዶ ዳይስ ጥላችሁ ደምሩ፣ በዲ20 ፋንታ ይሠራል። ካርታው ላይ ነው ማሰብ።

ሁለት ኤ3 ወረቀት በረጅም ጎናቸው በፕላስተር አያይዙ፤ 42 በ59.4 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በአሻንጉሊት ምስሎች ፋንታ የለስላሳ ቆርኪ ውሰዱ፣ ውስጡ ላይ ክብ ወረቀት ለጥፉና የገጸ ባሕርዩን ስም የመጀመሪያ ፊደል ጻፉበት። የተለመደው የካርታ ካሬ አንድ ኢንች፣ ማለትም 2.5 ሳንቲ ሜትር ነው። ቆርኪ ግን ወደ 3 ስለሚጠጋ እዚያ ውስጥ አይገባም፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሲቆም ይገፋፋል፣ ከዚያ ማን የት እንደነበር ክርክር ይነሳል። ካሬውን 3.5 አድርጉት፣ 12 በ16 ካሬ ታገኛላችሁ። አንዱ ካሬ 5 ጫማ ነው፤ ፍጥነቱ 30 ጫማ የሆነ ሰው በተራው 6 ካሬ ይሄዳል። ግዙፍ አውሬ ካለ ሁለት በሁለት ካሬ ስለሚይዝ የማር ብልቃጥ ክዳን ይበቃዋል።

ወረቀቱን በደብተር መሸፈኛ ፕላስቲክ ሸፍናችሁ በዋይትቦርድ ማርከር ሣሉበት። ማርከሩ ደርቆ አልጠፋ ካለ እዚያው ላይ በዚያው ማርከር ደግማችሁ አስምሩና ሳይደርቅ በሶፍት ጥረጉት፣ አብሮ ይለቃል።

ሃያ_ጎን

የካርታው ምክር ግሩም ነው። የሦስት ዳይሱን ግን አልቀበልም፣ ጨዋታውን ሥር ከመሠረቱ ይለውጠዋል።

በዲ20 ከ1 እስከ 20 ያለው ቁጥር ሁሉ እኩል 5 በመቶ ዕድል አለው። ሦስት ዳይስ ሲደመር ግን ወደ 10 እና 11 ይሰበሰባል። 15 ወይም ከዚያ በላይ በዲ20 30 በመቶ ይወጣል፣ በሦስት ዳይስ 9 በመቶ ገደማ ብቻ። 20 ጭራሽ የለም። 18ን እንደ 20 ብትቆጥሩት እንኳ የሚመጣው ከ216 አንዴ ነው፤ ጀማሪ ሁሉ የሚጓጓላት ያቺ ቁጥር ሳትታይ ቀኑ ይመሻል።

እንዲህ አድርጉ። ከአንድ ካርቶን እኩል 10 ቁራጭ ቁረጡ፣ ከ1 እስከ 10 ጻፉባቸው፣ የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ጨምሩ። አንድ ሳንቲም ያዙ። ቁራጭ ታወጣላችሁ፣ ሳንቲም ትጥላላችሁ፤ ጎፈር ከሆነ ቁጥሩ እንዳለ፣ ዘውድ ከሆነ 10 ተደምሮ። ሃያውም ቁጥር እኩል ዕድል አለው። የሚበላሸው ሰው ያወጣውን ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ ሲረሳው ነው፤ 10 ውጭ ከቀረ ቀጣዩ ተጫዋች 10ም 20ም ሊያገኝ አይችልም። ስለዚህ ከረጢቱን የሚይዝ አንድ ሰው ይመደብ፣ ቁራጩ ተመልሶ ሳይናጥ ለሌላ አይለፍ። አድቫንቴጅ (ሁኔታው ሲያመች የሚሰጥ ብልጫ) ሲኖር ሁለት ጊዜ ሙሉ ለሙሉ ይወጣል፣ ትልቁ ይወሰዳል።

ሌሎቹ ዳይሶች ቀላል ናቸው፤ ከዲ ቀጥሎ ያለው ቁጥር የጎናቸው ብዛት ነው። ዲ4 ሲባል የሉዶ ዳይስ ጣሉ፣ 5 ወይም 6 ከመጣ ድገሙ። ዲ8 ያው ዲ4 ነው፣ ሳንቲሙ ዘውድ ከሆነ 4 ይጨመራል። ዲ12 አንድ ዳይስ ሆኖ ለዘውድ 6 ይጨመራል። ለዲ12 ሁለት ዳይስ አትደምሩ፤ 1 አይወጣም፣ 7 ደግሞ ይበዛል። ዲ10 ያለ ሳንቲም ከከረጢቱ ነው።

ይህ የችግር ጊዜ ብልሃት ብቻ አይደለም። በ1979 እ.ኤ.አ. የዳይስ እጥረት ሲያጋጥም የጨዋታው አሳታሚ ራሱ በሣጥኑ ውስጥ ቁጥር የታተመባቸው ቁራጮች ያስገባ ነበር። የስልክ አፕም ይሠራል፤ ግን አምስት ስልክ ጠረጴዛ ላይ ሲወጣ ቴሌግራም አብሮ ይከፈታል።

ስለ ኅትመቱ፦ ኤስአርዲ 5.1 የሚባለው የሕጉ መሠረት በ2023 በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለተለቀቀ ማውረድም ማባዛትም ይቻላል። ከ400 ገጽ በላይ ስለሆነ ሙሉውን አታሳትሙ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ የገጸ ባሕርይ ቅጽ፣ ጀርባው ላይ የድግምቶቹ ወይም የመሣሪያዎቹ ማብራሪያ፤ ለእናንተ አንድ ገጽ አውሬዎች፣ አንድ ገጽ በተራ የሚሠሩ ነገሮች ዝርዝር። 12 ገጽ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቶች በበዓሉ ሰሞን ሊዘጉ ስለሚችሉ ከደመራ በፊት ጨርሱት፤ መብራት ቢጠፋም ወረቀቱ አለ።

ገጸ ባሕርዮቹን ቀድማችሁ ሥሩላቸው። አምስት ጀማሪ ቁጭ ብሎ ገጸ ባሕርይ ሲሠራ ግማሹ ቀን ያልቃል። 15፣ 14፣ 13፣ 12፣ 10፣ 8ን ለስድስቱ ችሎታዎች አከፋፍሉ፤ ከእያንዳንዱ ላይ 10 ቀንሳችሁ ለሁለት ስታካፍሉና ወደ ታች ስታጠጋጉት ጭማሪው (በዲ20 ውጤት ላይ የሚደመረው ቁጥር) ይገኛል። ስም ማውጣቱን ለእነሱ ተዉላቸው።

ሲራራ_ነጋዴ

አራት ሰዓት ለአምስት ጀማሪ ሦስት ትዕይንትና ሁለት ውጊያ ነው። ይህን ብታጫውቱ ደስ ይለኛል፦ አሞሌ ጨው የጫነ ቅፍለት ሌሊት መንገድ ላይ ቀርቷል፣ መንገድ መሪው ጠፍቷል፣ ተጫዋቾቹ ፈልገው እንዲያመጡት ተቀጥረዋል። ጅብ ለአዲስ አበባ ሰው ሳይገለጽለት ይገባዋል፤ ድምፁን ከእንጦጦ በኩል ያልሰማ ማን አለ?

አንደኛው ትዕይንት ገበያ ነው። ታሪኩ የግድ የሚያስፈልገውን ፍንጭ ከዳይስ ኋላ አትደብቁ። ፍንጩን ለማግኘት 15 ያስፈልጋል ብትሉ፣ ጭማሪው 2 የሆነ ሰው 40 በመቶ ዕድል አለው፤ ካልመጣለት ታሪኩ እዚያው ይቆማል። «እኔም ልሞክር» እያሉ አምስቱም ከጣሉ ደግሞ 92 በመቶ ይሆንና መጣሉ ትርጉም ያጣል። ፍንጩን በነፃ ስጡ፤ ዳይሱ ለተጨማሪው ነገር ይሁን፣ ለምሳሌ መሪው ማንን ይፈራ እንደነበር።

ሁለተኛው፣ ሰፈር ላይ አራት ጅብ። እያንዳንዱ ኤችፒው (እስኪወድቅ የሚችለው ጉዳት) 5፣ ኤሲው (እሱን ለመምታት ዳይስና ጭማሪ ተደምሮ መድረስ ያለበት ቁጥር) 11፣ የንክሻ ጭማሪው 2 ነው። ደካማ ይመስላሉ፣ ግን ሌላ ጅብ ከዒላማው አጠገብ ካለ አድቫንቴጅ አላቸው። ኤሲው 14 የሆነ ሰው ላይ ብቻውን የመጣ ጅብ 45 በመቶ ይነክሳል፣ ጥንድ ሆነው ሲመጡ ወደ 70 ይጠጋል። ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ አምጧቸው፤ ተጫዋቾቹ አንዱን ቶሎ መጣል ለምን እንደሚጠቅም ራሳቸው ይደርሱበታል።

ከዚህ በኋላ አቦሉ ይቅረብ። ረከቦቱ ከካርታው ራቅ ይበል። ለቡና ቁርስ ቆሎ ይሻላል፤ ቅባት ያለው ነገር የካርቶን ቁራጮቹን ያቆሽሻል፣ ትንሽ ቆይቶ 7 በቆሻሻው ይታወቃል።

ሦስተኛው ዋሻው ነው፦ አንድ ግዙፍ ጅብ ከሁለት ተራ ጅብ ጋር። ግዙፉ ኤችፒው 45፣ ኤሲው 12፣ ጭማሪው 5፣ ጉዳቱ 2ዲ6 (የሁለት የሉዶ ዳይስ ድምር) ሲደመር 3፣ በአማካይ 10። ከባድ ነው፣ ለአምስት ሰው ግን ይቻላል። የሚያሰጋኝ አስማተኛው ነው። ኤችፒው 7 ከሆነ አንድ ንክሻ አብዛኛውን ጊዜ ይጥለዋል፤ ጉዳቱ 14 ከደረሰ ደግሞ ከዜሮ በታች የተረፈው ከሙሉ ኤችፒው ጋር እኩል ስለሚሆን ወዲያው ይሞታል፣ የማዳኛ ዳይስም የለውም። ይህ ከ12 ንክሻ አንዴ ያጋጥማል፣ 20 ከወጣ ደግሞ ዳይሱ እጥፍ ስለሚሆን ይብሳል። ለመጀመሪያ ቀን ይህን ሕግ አንሡትና የወደቀ ሁሉ በሞት ማዳኛው ይሂድ፦ በየተራው ዲ20፣ 10 እና በላይ ስኬት፤ ሦስት ስኬት ያረጋጋዋል፣ ሦስት ውድቀት ይገድለዋል።

ቀበና_ማዶ

እጅግ አመሰግናለሁ! አስማተኛ የምትሆነው ልጅ ስሊፕ የሚለውን ድግምት መርጣለች። ውጊያውን ባንዴ አይጨርሰውም?

ሲራራ_ነጋዴ

የመጀመሪያውን፣ አዎ። ስሊፕ ኤችፒያቸው ተደምሮ እስከ 5ዲ8 (የአምስት ዲ8 ድምር) የሚደርሱትን ያስተኛል፣ በአማካይ 22.5፤ አራት ጅብ 20 ነው፣ ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ አራቱም ይተኛሉ። ይፈቀድላት፣ ድሉ የእሷ ነው። ግዙፉ ላይ ግን ሳይቆስል ፈጽሞ አይሠራም፤ የድግምቱ ጣሪያ 40 ነው፣ የእሱ 45። መጀመሪያ ጓደኞቿ ማቁሰል አለባቸው። ድግምቱ በወቅቱ ኤችፒው ካነሰው ስለሚጀምር ሁለቱ ተራ ጅቦች ካሉ እነሱ ቀድመው ይበሉታል። ከሁሉ በላይ ግን ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ 2 ኤችፒ የቀረው ጓደኛዋ በክልሉ ውስጥ ከቆመ ከጅቦቹ በፊት የሚተኛው እሱ ነው። ይህን ከጨዋታው በፊት ንገሯት። ደግሞ በአንደኛ ደረጃ ያላት የድግምት ቦታ (እንዲህ ያለ ድግምት የምትጠቀምበት ዕድል) ሁለት ብቻ ስለሆነ አንዱን ለዋሻው ታቆይ።

የንባብ_ጥግ

ስለ እናትየው ማንም አልመለሰም። የሚያሳስባቸው ነገር ተገቢ ስለሆነ በአክብሮት ይመለስ። ሳሎኑ ውስጥ በሩ ተከፍቶ ተጫወቱ፣ የጅቦቹን ገጽ አሳዩአቸው፣ ተረት እየተባባላችሁ እንደሆነ፣ የተረቱን አቅጣጫ ዳይስ እንደሚወስን ንገሯቸው። ሰይጣንና ሙት አስነሺ የመሰለውን ሁሉ ከዚህ ታሪክ አስወጡ፤ ጅብና ሽፍታ ይበቃል። አንድ ነገር ልጨምር፦ የጅብ ታሪክ ሲነሳ ቡዳ የሚለው ቃል ከአንዱ አፍ ይወጣል። አታስገቡት። በዚያ ስም ብዙ ባለ እጅ ሰዎች ተገልለው ኖረዋል፣ ለጨዋታ የሚሆን አይደለም።

ፊልሙን በዋዜማው እዩት። የፋንታሲ ፊልም በአብዛኛው ከሁለት ሰዓት በላይ ነው፣ ካላችሁ አራት ሰዓት ግማሹን ይወስዳል፤ ተጫዋቾቹም የፊልሙን ጀግና ይዘው ይመጡና የራሳቸውን ሰው ለመፍጠር ይቸገራሉ። ሙዚቃ ካስፈለገ ዘፈን የሌለበት ክራር ወይም ዋሽንት በዝቅተኛ ድምፅ ይሁን፤ ግጥም ካለው ከአጫዋቹ ድምፅ ጋር ይጋጫል። 12 ሰዓት ላይ የግድ የምትጨርሱ ከሆነ ግዙፉ ጅብ 10 ሰዓት ከ45 ሳያልፍ ከዋሻው ይውጣ፤ መንገዱ ላይ ያሰባችሁት ነገር ካለ ዝለሉት።