ላክሮስ ወንዝ ውስጥ የሞቱት ወጣቶች፦ አደጋ ወይስ ግድያ? ልጄን ልላከው?

ጥያቄ (እናት፣ ሴንት ፖል)

ሰላም ወገኖቼ። ልጄ ኦገስት ላይ ዊስኮንሲን ውስጥ ላክሮስ የምትባል ከተማ ኮሌጅ ሊገባ ነው። ደስ ብሎን ሳለ አንዲት ጓደኛዬ «እዚያ ልጅ አይላክም፤ ወንድ ተማሪዎችን ወንዝ ውስጥ የሚጥል ገዳይ አለ» አለችኝ። ሳነብ እውነትም በፈረንጆቹ ከ1997 እስከ 2006 የኮሌጅ ዕድሜ ያላቸው ስምንት ወንዶች ወንዝ ውስጥ ሞተው ተገኝተዋል። ማታ ሲጠጡ አምሽተው ነው የጠፉት። ፖሊስ ሰክረው ገብተው ነው ይላል። ሁለት ጡረታ የወጡ የኒውዮርክ መርማሪዎች ደግሞ የተደራጁ ገዳዮች አሉ ይላሉ። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ላስቀረው?

መልስ 1 (ላክሮስ የተማረ)

እናቴ፣ አይዞዎት። መጠጥ ቤቶቹ መሃል ከተማ ናቸው። ከዚያ ሚሲሲፒ ወንዝ በስተምዕራብ ጥቂት ብሎክ ነው። ዩኒቨርሲቲው ደግሞ በተቃራኒው፣ በስተምሥራቅ። «ወደ ዶርሙ የሚሄድ ልጅ ወንዝ ዳር ምን ወሰደው?» የሚሉት ለዚህ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት መጠጥ ቤት ሲዘጋ ጥንብዝ ብሎ የወጣ ልጅ አቅጣጫ አይለይም። ለመሽናትም ጨለማ ይፈልጋል።

እኔን ያሳመነኝ ግን ሌላ ነው። ከ2006ቱ ሞት በኋላ ተማሪዎች በፈቃዳቸው ወንዙ ዳር ያለውን ሪቨርሳይድ ፓርክ ማታ ማታ መጠበቅ ጀመሩ። ወደ ውሃው ሲያመሩ ያገኟቸውን ሰካራሞች ይመልሳሉ። እነዚያን ልጆች የገፋቸው ሰው አልነበረም፤ በራሳቸው እግር ነበር የሚሄዱት።

መልስ 2 (ሚኒያፖሊስ)

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። እዚሁ እኛ ከተማ በ2002 የሃሎዊን ሌሊት አንድ ተማሪ ከመጠጥ ቤት ወጥቶ ጠፋ። አስከሬኑ በ2003 ሚሲሲፒ ውስጥ ተገኘ። ፖሊስ መጀመሪያ ግድያ ነው ብሎ አልያዘውም። ቤተሰቡ የራሱን መርማሪ ቀጥሮ ዓመታት ታገለ። በ2006 ፖሊስ ግድያ ነው ብሎ ቀየረው፤ አለቃውም ቤተሰቡን ይቅርታ ጠየቁ። እነዚያ ወላጆች «ጠጥቶ ነው» የሚለውን ተቀብለው ቢቀመጡ ኖሮ ፋይሉ ተዘግቶ ይቀር ነበር። እህቴ፣ በፖሊስ ቃል ብቻ ልብሽን አትጣይ።

መልስ 3 (የአስከሬን ምርመራ ክፍል ሠራተኛ)

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ የምታወሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው። የአንድ ሰው ሞት ግድያ ሊሆን ይችላል። ከሁለቱ የኒውዮርክ መርማሪዎች አንዱ የሆነው ኬቨን ጋነንና ባልደረባው በ2008 ያወጡት ግን ወደ 40 የሚጠጉ፣ በብዙ ስቴቶች የደረሱ ሞቶችን አንድ ቡድን ፈጽሟቸዋል የሚል ነው። ማስረጃ ካሏቸው አንዱ ውሃ ዳር ግድግዳ ላይ የተሳለ ፈገግ ያለ ፊት ነው። እሱ ሥዕል የማይገኝበት ከተማ የለም። ኤፍቢአይ ሞቶቹን የሚያገናኝ ማስረጃ አላገኘሁም፣ አብዛኞቹ ከመጠጥ ጋር የተያያዙ ይመስላሉ ብሏል።

እውነተኛ ተከታታይ ገዳይ ምን እንደሚመስል እንግሊዝ አገር ታይቷል። ጆርጅ ጆሴፍ ስሚዝ ከ1912 እስከ 1914 ያገባቸውን ሦስት ሴቶች መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ገደለ። እያንዳንዷ ስትሞት አደጋ ተብሎ ታልፏል። የሦስተኛዋ ሞት ጋዜጣ ላይ ሲወጣ የሁለተኛዋ አባት ነገሩ አንድ ሆነበትና አመለከተ። ያው ባል፣ ያው አሟሟት፣ በሞታቸው ያገኘው ገንዘብ። በ1915 ተሰቀለ። ላክሮስ ላይ ስምንቱን የሚያያይዝ እንዲህ ያለ ሰው አልተገኘም።

አስከሬኑ ራሱ ሁሉንም አይናገርም። ሰው ሰጥሞ ነው የሞተው የሚባለው ሌላ የሞት ምክንያት አለመኖሩ ከተጣራ በኋላ ነው። በድንጋይና በጀልባ የሚመጣ ቁስል ከድብደባ ጋር ይምታታል። «በጂኤችቢ (መጠጥ ውስጥ ተጨምሮ ሰው የሚያደነዝዝ ዕፅ) አደንዝዘዋቸው ነው» የሚባለውም ለማረጋገጥ ቀላል አይደለም፤ ያ ንጥረ ነገር ከሞት በኋላ ሰውነት ውስጥ ራሱ ይፈጠራል። ዋናተኛ ነበር ማለትም አያስተማምንም። በጣም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ድንገት የወደቀ ሰው ሳይፈልግ አየር ይስባል። ያኔ አፉ ውሃ ውስጥ ከሆነ አለቀ። በደቂቃዎች ውስጥ ደግሞ እጁ ይደነዝዛል።

ጥያቄ (እናት፣ ሴንት ፖል)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ ልጄን ምን ልበለው? አትጠጣ ብለው እሺ ብሎኝ እዚያ ሊጠጣ ነው።

መልስ 1

ልጅዎ አብሮት የወጣውን ጓደኛ ብቻውን ጥሎ እንዳይመለስ፣ ጓደኞቹም እሱን ጥለውት እንዳይሄዱ ቃል አስገቧቸው። የሞቱት አብዛኞቹ ከጓደኞቻቸው ተለይተው ነው የጠፉት። ገና እንደደረሰ ደግሞ በቀን ይዛችሁት ከመሃል ከተማ እስከ ዶርሙ በእግር ሂዱ።

መልስ 2

አያድርገውና ሰው ከጠፋ «24 ሰዓት ጠብቁ» ቢሏችሁ እንዳትሰሙ፤ እንዲህ የሚል ሕግ የለም። ወዲያው 911 ደውሉ። የመጠጥ ቤቱ ካሜራ ቪዲዮ በላዩ ላይ ሳይቀዳበት በዚያው ቀን እንዲያዝ ጠይቁ። መጨረሻ አብሮት የነበረው ማን ነው፣ ስንት ሰዓት ተለያዩ፣ ማን አስወጣው? መልሱን በጽሑፍ ያዙ። የሚኒያፖሊሱ ቤተሰብ ጉዳዩን ያስከፈተው እንዲህ ያለውን እየለቀመ ነው።